ከሰማይ የሚታየው፣ በምድር የሚፈጸመው፦ የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች ለዜጎች አገልግሎት ያላቸው ፋይዳና ገደብ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል፣ በኤርታሌ ተራሮች ሰንሰለት ላይ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ ቀደም በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ይህ ተራራ የተፋው አመድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎም እስከ ሕንድ ደረሰ። በረራዎች ተሰረዙ፣ መስመሮችም ተቀየሩ። የአመዱ ደመና ወዴት እንደሚጓዝ ለአቪዬሽኑ ዘርፍ ያመለከቱት በተራራው ግርጌ የተተከሉ መሣሪያዎች አልነበሩም፤ በሕዋ ላይ የሚገኙ ሳተላይቶች ነበሩ።

በዚያው ቀን በአፍዴራና በአካባቢው የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው በአመድ ተሸፍኖ፣ እንስሶቻቸውም የሚበሉት አጥተው ነበር። ስለ አንድ ክሥተት የተሰበሰበው መረጃ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚበር አብራሪ በሰዓታት ውስጥ ሲደርስ፣ በአደጋው አጠገብ ላለው ዜጋስ በምን መንገድና በምን ያህል ፍጥነት ይደርሳል? ይህ ጽሑፍ የመሬት ምልከታ ሳተላይቶችን አሠራር፣ በአገራችን የያዙትን ስፍራና በዜጎች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ላይ ያላቸውን ተፅዕኖ የሚመረምረው ከዚህ ጥያቄ በመነሣት ነው።

ሳተላይት የምታየው ምንድን ነው?

የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች በአብዛኛው ከምድር በላይ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ እየዞሩ የምድርን ገጽ በየጊዜው ይመዘግባሉ። በአሠራራቸው በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን የሚለኩ ናቸው። እነዚህ በዓይናችን ከምናየው ቀለም በተጨማሪ ዓይን የማያየውን የብርሃን ክፍል ይመዘግባሉ። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ዝግጅት ይጠቀምበታል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን የማይታይ ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን አካባቢ ልምላሜ በቁጥር ለመግለጽ ያስችላል። ሰብሉ ገና በዓይን ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በውሃ እጥረት መጎዳት መጀመሩን የሚጠቁመው ይህን የመሰለ ልኬት ነው።

ሁለተኛዎቹ ራዳር የተገጠመላቸው ናቸው። የራሳቸውን የሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ልከው የሚመለሰውን ስለሚያነቡ ጨለማም ሆነ ደመና አያግዳቸውም። በተለያዩ ቀናት የተነሡ የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ የመሬት ገጽ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ማወቅ ይቻላል።

ዘርፉ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት የሆነው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ የሳተላይት ፕሮግራም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ምስሎቹ ለብዙ ዓመታት በክፍያ ሲሸጡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2008 ለማንኛውም ሰው በነጻ ተለቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት ኮፐርኒከስ ፕሮግራምም ሴንቲኔል በተባሉ ሳተላይቶቹ የሚሰበስበውን መረጃ በነጻ ያሠራጫል። ዛሬ በአንድ የገጠር ከተማ የሚገኝ የኮሌጅ ተማሪ የኢንተርኔት አገልግሎት ካገኘ የቀበሌውን ያለፉት አርባ ዓመታት ለውጥ ማየት ይችላል።

የምስሎቹ ጥራት ግን ከአገራችን የማሳ ስፋት ጋር ሊመዘን ይገባል። የላንድሳት አንድ የምስል ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬትን ይወክላል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሔክታር ያህል የሆነ ማሳ፣ በዚህ ምስል ላይ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በሴንቲኔል ሁለት ምስል ላይ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ ይኸው ማሳ 25 ነጥቦች ይኖሩታል። ይህም ማለት ነጻ ምስሎች የወረዳንና የተፋሰስን ሁኔታ በሚገባ ያሳያሉ፤ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለውን የድንበር ክርክር ግን አይዳኙም። ሰውንና የግቢ ውስጥ እንቅስቃሴንም ለይተው አያሳዩም። «ከሰማይ ሆነው ቤታችንን ይሰልሉናል» የሚለው ሥጋት እነዚህን የሕዝብ አገልግሎት ሳተላይቶች አይመለከትም።

የአገራችን ጉዞና የመረጃ ባለቤትነት ጥያቄ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ ወደ ሕዋ አስወንጭፋለች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት በቻይና ድጋፍና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሳትፎ የተሠራች ስትሆን፣ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ በእንጦጦ ተቋቁሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ 9 ኪሎ ግራም የማትሞላ ሁለተኛ አነስተኛ ሳተላይት ተከትላለች።

የእነዚህ ሳተላይቶች ትልቁ ትርፍ የባለሙያ ማፍራት ነው። ሳተላይትን መቆጣጠር፣ መረጃ መቀበልና መተንተን በአገር ልጆች እጅ የሚከናወን ሥራ መሆኑ ታይቷል። ይሁንና ለመጀመሪያዋ ሳተላይት የታቀደው የአገልግሎት ዘመን 2 ዓመት ብቻ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የድርቅ፣ የሰብልና የመሬት እንቅስቃሴ ክትትል ግን ዓመታትን ያለማቋረጥ የሚዘልቅ መረጃ ይፈልጋል። በመሆኑም ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያገለግለው አብዛኛው መረጃ ዛሬም የሚገኘው ከሌሎች አገሮች ሳተላይቶች ነው።

ነጻ መረጃ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ዋስትና ያለው ሀብት አይደለም። በቅርብ ዓመታት የታዩ ሁለት ክሥተቶች ይህን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከሁለቱ የአውሮፓ የራዳር ሳተላይቶች አንዷ በብልሽት ሥራ አቆመች። ተተኪዋ የመጠቀችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የራዳር ምልከታ ድግግሞሽ በብዙ አካባቢዎች ቀንሶ ቆይቷል። ሁለተኛው ክሥተት ቴክኒካዊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአገራችንን የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጨምሮ በአፍሪካ የደረሰውን እልቂት ተከትሎ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ ድረ ገጹ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ሥራውን ቢቀጥልም፣ በሌላ አገር ዋና ከተማ የሚወሰን የበጀት ውሳኔ በእኛ ቆላማ ወረዳዎች የማስጠንቀቂያ ሰንሰለት ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቶ አልፏል።

ከዚህ አንጻር የአፍሪካ የሕዋ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በካይሮ በይፋ ሥራ መጀመሩ ተስፋ የሚሰጥ እርምጃ ነው። አንድ አገር ብቻውን የማይሸፍነውን ወጪ በጋራ መሸፈን፣ የተገኘውን መረጃም በጋራ መጠቀም ይቻላል። ለአገራችን ግን ከአዲስ ሳተላይት ባልተናነሰ የሚያስፈልገው የመሬት ላይ መሠረት ነው። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች፣ የመረጃ ማከማቻ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ እንዲሁም በየወረዳው መረጃውን ተቀብሎ የሚተረጉም የግብርናና የመሬት ሠራተኛ ከሌሉ ምስሉ ምስል ሆኖ ይቀራል።

ዜጎችን በቀጥታ የሚመለከቱ አገልግሎቶች

የገጠር መሬት ይዞታ። ቀደም ባለው የአንደኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የማሳ ስፋት በገመድ ተለክቶ፣ አዋሳኞችም በስም ተጽፈው ይሰጥ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ግን እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ለዚህም ከአውሮፕላን የተነሣ ወይም ከፍተኛ ጥራት ያለው የሳተላይት ምስል ጥቅም ላይ ይውላል። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት በምስሉ ላይ ድንበሩ ይሰመራል፤ ውጤቱም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል። እዚህ ላይ ዜጎች ሊገነዘቡት የሚገባው ምስሉ ድንበርን እንደማይወስን ነው። ምስሉ ዛፉን፣ ካቡንና የውሃ መውረጃውን ያሳያል፤ የማን እንደሆነ የሚመሰክሩት ግን ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ ናቸው። በዕይታው ጊዜ ያልተገኘ ባለይዞታ፣ በተለይም በሥራ ምክንያት ከቀዬው የራቀ ወጣት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አሳዳጊ የያዘው ወላጅ አልባ ልጅ፣ መብቱ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሕዝብ ዕይታው ቀን እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሊከበር ይገባል።

የእንስሳት መድን። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን አሠራር ከተለመደው መድን ይለያል። ክፍያው የሚፈጸመው የሞተ እንስሳ ተቆጥሮ ሳይሆን በሳተላይት የተለካው የአካባቢው ግጦሽ ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ገምጋሚ ባለሙያ በረሃ ለበረሃ መዞር አይኖርበትም፤ ክፍያውም እንስሳቱ ከመሞታቸው በፊት ሊደርስ ስለሚችል አርብቶ አደሩ መኖ ገዝቶ መንጋውን ያተርፋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ።

አሠራሩ ግን የራሱ ክፍተት አለው። ልኬቱ የሚወሰደው ለአንድ ሰፊ አካባቢ በአማካይ ስለሆነ፣ በአካባቢው አብዛኛው ክፍል ዝናብ ዘንቦ የእርስዎ ሰፈር ብቻ ቢደርቅ ክፍያ ላያስገኝ ይችላል። ሳተላይቷ ልምላሜን እንጂ የሚበላና የማይበላ ቅጠልን በቀላሉ አትለይም። በአፋር ቆላማ ስፍራዎች የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ በድርቅ ጊዜም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ከሰማይ ሲታይ ግጦሽ ይመስላል፤ ከብቱ ግን ይራባል። መድን የሚሸጥም ሆነ የሚያስተዋውቅ አካል ይህን ለገዢው አስቀድሞ በግልጽ የማስረዳት ኃላፊነት አለበት።

የድርቅና የሰብል ክትትል። በአገራችን የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሲሆን፣ ቆላማ አካባቢዎች ሰፊ ክፍተት አለባቸው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር በማዋሐድ ጣቢያ ለሌለው አካባቢም የዝናብ መረጃ አዘጋጅተዋል። ይሁንና ዋናው የመኸር ሰብል የሚበቅልበት ክረምት ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ወቅት ነው። በብርሃን የሚሠሩት ሳተላይቶች መረጃቸው እጅግ በሚፈለግበት በዚህ ወቅት ምድርን ለሳምንታት ላያዩ ይችላሉ። የራዳር ሳተላይቶች አስፈላጊነት ከዚህ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካና ሕንድ በጋራ ያመጠቋት ኒሳር የተባለችው የራዳር ሳተላይት የምድርን ገጽ በየ12 ቀኑ የምትቃኝ በመሆኗ ለእንዲህ ዓይነቱ ክትትል ተጨማሪ አቅም ትሆናለች።

የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ። በስምጥ ሸለቆ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የራዳር ምልከታ ቁም ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የከርሰ ምድር ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ሲከፈትና ምድሪቱ በአንዳንድ ስፍራዎች እስከ 8 ሜትር ድረስ ስትለያይ፣ ክሥተቱ በዝርዝር የተለካው በራዳር ሳተላይት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ከመሬት በታች የሚንቀሳቀስ ቅልጥ ዓለት መኖሩን የራዳር ምስሎች አመልክተዋል፤ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከአካባቢው እንዲርቁ ተደርጓል። ሃይሊ ጉቢም ከመፈንዳቱ ወራት አስቀድሞ፣ ከኤርታሌ ተነሥቶ በከርሰ ምድር ወደዚያው አቅጣጫ የተጓዘ ቅልጥ ዓለት በራዳር ተመዝግቦ ነበር። የትኛውም ሳተላይት ግን የፍንዳታን ወይም የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አይናገርም። የሚናገረው ምድር መንቀሳቀሷን ነው፤ ቀኑን ቆርጦ የሚናገር የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ቢያጋጥምዎ ምንጩ ሳተላይት እንዳልሆነ ይወቁ።

ውሃና ደን። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ የአረሙ ስርጭት ከወቅት ወደ ወቅት እንዴት እንደሚቀያየር በምስሎች መከታተል ተችሏል። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ መልሶ መያዙም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። በሰሜን ኢትዮጵያ በደረቁ ማሳዎች መካከል እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጎልተው የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የቀድሞው የደን ሽፋን ምስክሮች ናቸው። እነዚህ ምስሎች ለተተከለ ችግኝም ሚዛን ይሆናሉ። የመትከያ ጉድጓድና የተተከለው ችግኝ ቁጥር በሪፖርት ይቀርባል፤ የጸደቀው ግን ከዓመታት በኋላ ከሰማይ ይታያል።

ማየትና መድረስ

የመጀመሪያዋ ላንድሳት በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስትመጥቅ በወሎ የድርቁ አደጋ እየከፋ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በረሃብ አለቁ፤ ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያኔ ወገኖቻችንን የጎዳው የዓይን እጥረት ብቻ አልነበረም። ሰብሉ መጥፋቱን ገበሬው ያውቅ ነበር፤ ስደተኛው በዋናው መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ይታይ ነበር። የጎደለው የታየውን አምኖ መቀበል፣ ሳይሸሽጉ መናገርና በጊዜ መድረስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማየት አቅም እጅግ አድጓል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡባዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ቆላማ አካባቢዎቻችንን ለተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የመታው ድርቅ ከየወቅቱ መረጃ ጋር በዝርዝር ተመዝግቧል። ቢሆንም በቦረናና በሶማሌ ክልል እጅግ ብዙ እንስሳት አልቀዋል። ይህ የሚያስተምረን ማስጠንቀቂያና ርምጃ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ማስጠንቀቂያው ሲወጣ መኖ የሚገዛበት በጀት አስቀድሞ ካልተመደበ፣ መልእክቱም በአርብቶ አደሩ ቋንቋና በሚያዳምጠው ሬዲዮ ካልተላለፈ፣ ከሰማይ የተገኘው ዕውቀት በቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ተቋማት በዚህ ረገድ ሊመዘኑ የሚገባቸው ባዘጋጁት ካርታ ብዛት ሳይሆን ካርታው ከወጣበት ቀን እስከ ርምጃው ባለው የቀናት ቁጥር ነው።

ዜጎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

አንደኛ፣ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በቀበሌዎ ሲካሄድ በልኬታውም ሆነ በሕዝብ ዕይታው ላይ በአካል ይገኙ፤ መገኘት ካልቻሉ ሕጋዊ ወኪል ይላኩ። በካርታው ላይ የማሳዎን ቅርጽ፣ አዋሳኞችዎንና የስምዎን አጻጻፍ ያረጋግጡ። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም መስፈሩን ይመልከቱ። ስሕተት ካለ ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻዎ ስለመቀበሉም ማስረጃ ይያዙ።

ሁለተኛ፣ በሳተላይት መረጃ ላይ የተመሠረተ መድን ሲገዙ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ። ልኬቱ የሚወሰደው ለየትኛው አካባቢ ነው? ክፍያ የሚጀምረው ልምላሜው ምን ያህል ሲቀንስ ነው? ክፍያው የሚፈጸመውስ በየትኛው ወር ነው? መልሱ በሚረዱት ቋንቋ ካልተሰጠዎ አይፈርሙ።

ሦስተኛ፣ በአካባቢዎ ያለው እውነታ ከሚነገረው መረጃ ጋር ካልተስማማ ዝም አይበሉ። ምንጭ መድረቁን፣ አዲስ የመሬት ስንጥቅ ወይም ከመሬት የሚወጣ ትኩስ እንፋሎት መታየቱን፣ ወይም ዝናቡ በጊዜው አለመግባቱን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው አስተዳደር ያሳውቁ። ሳተላይት የምታየው ከላይ ነው፤ ያየችው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ከታች ያለው ሰው ነው።

አራተኛ፣ ለጥናት፣ ለትምህርት ወይም ለልማት ሥራ ካርታና ምስል የሚፈልጉ ዜጎች ወደ ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ማመልከት ይችላሉ። የላንድሳትና የሴንቲኔል ምስሎችም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ይገኛሉ። እነዚህን በክፍያ «እናመጣልዎታለን» ከሚሉ ደላሎች ይጠንቀቁ።

በአጠቃላይ የመሬት ምልከታ ሳተላይት የመንግሥትን ውሳኔም ሆነ የዜጎችን ምስክርነት አትተካም፤ ሁለቱ በአንድ ማስረጃ ላይ ቆመው እንዲነጋገሩ ግን ታስችላለች። በአመድ የተሸፈነው የአፍዴራ ግጦሽ ከሕዋ ታይቷል። የዚያ ምስል ዋጋ የሚለካው ለእንስሳቱ መኖና ውሃ በደረሰበት ፍጥነት ነው። ዜጎች ይህን ፍጥነት የመጠየቅ መብት አላቸው፤ የሕዝብ አገልጋዮችም በየሥራ ድርሻችን መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን።